አስታማሚዋን ማን ያስታምማት?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አምናው ኅዳር ነው። እስከ ዛሬ ሳልጽፈው የቆየሁት ልቤ ስላልቻለልኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ የልብ ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ዕለት ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጭ ባለው ኮሪደር 23 ሰዎች ተቀምጠን ነበር። ቆጥሬያለሁ፤ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝና! አክስቶች፣ የአክስት ልጆች፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች፣ የእድሩ ዳኛ፣ ከደሴ ድረስ የመጡ ሁለት ሽማግሌ ዘመዶች። እግራችን ሥር የብርቱካንና የሙዝ ፌስታሎች ተደርድረዋል፤ 4 ፔርሙስ አጥሚትም አለ። ታማሚው ግን ገና ደረቱ ተከፍቶ ነው የተኛው። ከዚያም በኋላ ቢሆን የመተንፈሻ ቱቦው እስኪወጣለት ድረስ አንድ ጠብታ ውኃ እንኳ በአፉ አይዞርም። አጥሚቱን ለማን እንዳመጣነው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የወንድሜ ባለቤት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ በእግሯ ናት። የመጣው ሁሉ ይስማትና «አይዞሽ፣ በርቺ» ይላታል፤ ቀጥሎም «ምን ሆነ? ምን አሉት?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም ለእያንዳንዱ ሰው ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ትተርካለች። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ጠጋ አለችኝና በጆሮዬ፣ «እትዬ፣ ልጆቹ በ9 ተኩል ከትምህርት ቤት ይወጣሉ፤ ማን ያምጣቸው?» አለችኝ። ዞር ብዬ ያንን ሁሉ ሰው አየሁት። ሁላችንም የመጣነው ለታማሚው ነበር። እሱ ደግሞ ተኝቷል፤ ከእኛ ምንም አይፈልግም። በመጨረሻ ልጆቹን ያመጣቻቸው ከነጭራሹ እዚያ ያልነበረች ሰው ናት፤ ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለችው ባለሱቅ።

እኔም ከብርቱካን ተሸካሚዎቹ አንዷ ነበርኩ። ይህን የምነግራችሁ ሌላውን ልወቅስ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

እስቲ ስለዚያ ኮሪደር ትንሽ ልበላችሁ። እኛ አገር ሰው ታሞ ሲጠየቅ ቁጥራችን ፍቅራችንን ይናገራል፤ ደግሞም ክፉ ባህል አይደለም። ነገር ግን ያን ዕለት ከሁሉ የበለጠ ያሠቃየን አለማወቃችን ነው። ወንድሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገባ። 6 ሰዓት ሆነ፣ ወሬ የለም። 8 ሰዓት ሆነ፣ ወሬ የለም። አንዷ አክስቴ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። በኋላ እንደተረዳሁት ምንም የዘገየ ነገር አልነበረም። የልብ ቫልቭ ቅየራ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ በፊት ማደንዘዣውና ዝግጅቱ አለ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ደሙ መቆሙን አይቶ፣ የደረቱን አጥንት በብረት ክር አስሮ፣ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አዛውሮ ማረጋጋት አለ። በዚህ መሐል ልቡ እንዲቆም ተደርጎ ደሙን የሚያዘዋውርለትና ኦክስጅን የሚሰጥለት ማሽን ነው። «ልቡ ቆሟል» ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ ሆኖም ሐኪሞች በዚህ መሣሪያ ሰው ማከም ከጀመሩ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ጊቦን የ18 ዓመት ወጣት ልብ ውስጥ የነበረውን ቀዳዳ በማሽኑ እየታገዘ የደፈነው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ይህን ያህል እንኳ የሚያውቅ አንድ ሰው መሐላችን ቢኖር አክስቴ ባላለቀሰች።

ስለዚህ ለዚያ ቀን የምመክራችሁ አንድ ሰው ምረጡ ብዬ ነው። የቅርብ ሆኖ አንጀቱ የሚችል ሰው። ከሐኪሙ ጋር ከዋዜማው ተነጋግሮ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ማን ወጥቶ እንደሚነግራችሁ፣ በየትኛው በር እንደሚወጣ የሚጠይቅ፤ ስልክ የሚያነሳውም እሱ ይሁን። የሚስትየዋን ስልክ ተቀበሏት። ጨክናችሁ ተቀበሏት።

እናቴን ሳላነሳ አላልፍም። እሷ ከሁላችን ተለይታ ጥግ ይዛ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ቀዶ ሕክምና መሆኑን የነገርናት በዋዜማው ማታ ነው። «አትንገሯት፣ ትደነግጣለች» ተብሎ ለሁለት ወር «ለምርመራ ነው የሚመላለሰው» ስንላት ከርመናል። አጠገቧ ስቀመጥ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ጉሮሮውን ያመው ነበር። ደሴ ነበር የምንኖረው። «እንጥሉ ወርዷል» ተባለና ሰፈር ውስጥ ለነበሩ ቆራጭ ሰጠችው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉልበቱና ክርኑ እያበጠ ሲያለቅስ «ብርድ ነው» ብላ በቅቤ አሸችው። ተሻለው፣ ተረሳ። በ34 ዓመቱ ፎቅ መውጣት ሲያቅተውና ሌሊት ትራስ ደራርቦ ካልሆነ መተኛት ሲሳነው ነው ነገሩ የታወቀው፤ የሩማቲክ የልብ ሕመም። እናቴ ይህን ከሐኪም አፍ ሰምታ 26 ዓመት ወደ ኋላ ተመልሳ ራሷን ስትፈርድበት ነበር። ማንም አላወቀላትም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ጸጸት ተደብቆ ይኖር ይሆናል፤ ስለዚህ ነገሩን ላስረዳችሁ። በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን የሚይዝ፣ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም አለ። በወቅቱ በፔኒሲሊን ወይም በሌላ ተገቢ መድኃኒት ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያ ኃይል ባክቴሪያውን ሲዋጋ ተሳስቶ የራሱን ሰው መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። የመገጣጠሚያው እብጠት ጠባሳ ሳይተው ይሄዳል፤ የልቡ ግን ይቀራል። የልብ በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹ፣ ይወፍራሉ፤ ይጠባሉ ወይም ያፈስሳሉ። በዶ/ር በላይ አበጋዝ መሥራችነት ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ ጭምር ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ሥራ የጀመረውን የልብ ማዕከል ደጅ የረገጠ ሰው ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹን አይቷል። እናቶቻቸው እንደ እናቴ በጊዜው የሚያውቁትን ያደረጉ ሴቶች ናቸው። ይህን ቁጭ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ወዲያው አልተቀበለችኝም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ እህል መቅመስ ጀመረች። የልጆቻችሁን የጉሮሮ ሕመም ደግሞ እንደ ቀላል አትዩት፤ በተለይ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ካስከተለ። ሕመሙ የተገኘበት ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወስዳል፤ ለዓመታት። መርፌው ሳይዘለል ከተወሰደ ቫልቮቹ ይበልጥ እንዳይጎዱ ይጠብቃል።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ማታ ላይ ባለቤቱና እኔ ተራ በተራ እንድናየው ተፈቀደልን። እሷ ገብታ ወዲያው ጉልበቷ ከዳት፤ ነርሷ ናት የያዘቻት። የምናየው ምን እንደሚመስል ማንም አስቀድሞ አልነገረንም ነበር። ፊቱ አብጧል። እጁ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። አፉ ውስጥ ቱቦ አለ፣ አንገቱ ላይ ሌላ፤ ከደረቱ ሥር የወጡት ሁለት ወፍራም ቱቦዎች ደም ወደ ዕቃ ያወርዳሉ። እጆቹ በስሱ ታስረዋል። የሆነ ማሽን በየደቂቃው ይጮኻል። እውነቴን ነው፣ የሞተ መስሎኝ ነበር።

ሁሉም ግን ምክንያት አለው። እብጠቱ በቀዶ ሕክምናው ወቅት ከገባው ፈሳሽ ነው፤ በጥቂት ቀናት ይወርዳል። ቅዝቃዜው ሰውነቱ በሥራው መሐል እንዲቀዘቅዝ ስለሚደረግ ነው። እጁ የሚታሰረው ግማሽ ነቅቶ የመተንፈሻውን ቱቦ እንዳይነቅል ነው። የደረቱ ቱቦዎች የሚጠራቀመው ደምና ፈሳሽ ልቡን እንዳይጫነው ያወጣሉ። የማሽኑ ጩኸትም አብዛኛውን ጊዜ አደጋ ማለት አይደለም፤ አንዲት ሽቦ ስትላላም ይጮኻል። ይህን ለሚስት፣ ለባል፣ ለእናት ከበሩ በፊት መንገር ከ4 ፔርሙስ አጥሚት ይበልጣል። ሌላም ልጨምር፤ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ አትቁሙ፤ አናግሩት። መመለስ ባይችልም የሚያውቀው ድምፅ ይደርሰው ይሆናል።

በሦስተኛው ሌሊት ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ቱቦው ወጥቶለት መናገር ጀምሮ ነበር። በድንገት ነርሷን «የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ናት፤ ቤቴን ልትወስድብኝ ነው» ብሎ ሊነሳ ታገለ። ዛሬ እንስቅበታለን፤ ያን ሌሊት ግን ባለቤቱ «አእምሮው ተነካ» ብላ ነበር ያደረችው። ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ እንዲህ ያለ መቀባዠር የተለመደ ነው፤ በተለይ በዕድሜ የገፉትን ይይዛል። ከማደንዘዣው፣ ከእንቅልፍ ማጣቱ፣ ቀንና ሌሊት ከማይለይበት ክፍል ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜም በቀናት ውስጥ ይለቃል። ለነርሶቹ መንገር ያስፈልጋል። ከዚያ ውጭ መነጽሩን አድርጉለት፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ንገሩት፣ የት እንዳለ ንገሩት። አትከራከሩት።

ስለ ጠያቂ ነገር ብዙ አልልም። አንድ ሰውዬ ግን አልረሳም። ወንድሜ ወደ ተራ ክፍል በተዛወረ በማግስቱ ገቡና፣ ወንበር ስበው፣ «የእኛ ሰፈር ልጅም እንዲህ ተሠርቶ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና...» ብለው ጀመሩ። እባካችሁ!

ከሆስፒታል የወጣው በ9ኛው ቀን ነው። ያን ዕለት ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ፤ ድንኳን ብቻ ነው የቀረው። በሁለተኛው ሳምንት ጠያቂው ግማሽ ሆነ። በአራተኛው ሳምንት የሚመጣ አልነበረም። ሁላችንም በልባችን «ድኗል፤ ቤቱ ገብቷል» ብለን ወደየሥራችን ተመለስን። የዛሬውን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ነው። የልብ ቀዶ ሕክምና የሦስት ወር ጉዳይ ነው፤ የእኛ ፍቅር ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አለቀ።

ቤት ውስጥ ያለውን ላስረዳችሁ። የተሰነጠቀው የደረት አጥንት ለመግጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ሦስት ወር ይፈጅበታል። እስከዚያ ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ በላይ ማንሳት የለም። የልብስ ባልዲ የለም፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የለም፤ ታማሚዋ ሴት ከሆነች ምጣድ ማንሳትም ሊጥ ማቡካትም የለም። መኪና መንዳትም ሐኪሙ እስኪፈቅድ የለም። ከአልጋ ሲነሳ እጁን ይዞ መጎተት አጥንቱን ያላቅቀዋል፤ ከጀርባው ደግፉት። ሲያስለው ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ ይሳል። የእኛ የትከሻ ሰላምታስ? አንድ የልጅነት ጓደኛው በደስታ ትከሻውን ገጭቶት ወንድሜ ዕንባው ዱብ ዱብ ሲል አይቻለሁ። ከሁሉ የከበደው ግን የ4 ዓመቷ ልጁ ነበረች። «አባዬ እቀፈኝ» ትላለች፤ አይችልም። ለትናንሽ ልጆች ቀደም ብሎ በሚገባቸው ቋንቋ መንገር ያስፈልጋል። እኛ «አባዬ ደረቱ ላይ ስፌት አለ፤ አንቺ ነሽ አጠገቡ ቁጭ የምትይለት» ብለን የራሷን ትንሽ በርጩማ ሰጠናት።

በዚህ ላይ ወንድሜ ማልቀስ ጀመረ። ያለ ምክንያት፤ ቴሌቪዥን እያየ። ምግብ ጠላ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ በትንሹ ይቆጣል። ይህም ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በብዙዎች ላይ የሚታይ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፤ ካልለቀቀ ሐኪም ማወቅ አለበት። «አንተ እግዜር ያተረፈህ ሰው፣ ምን ያስለቅስሃል?» ማለት ግን አይረዳም። እኔ ብዬዋለሁ፤ አልረዳም።

ይህን ሁሉ የተሸከመችው አንዲት ሴት ናት። ቀን ቢሮ፤ የዓመት እረፍቷ አልቋልና። ማታ ልጆች፣ ጨው የሌለበት ወጥ ለብቻ፣ የልጆቹ ወጥ ለብቻ፣ መድኃኒት በሰዓቱ፣ ቁስሉን ማየት። ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ባል። ስትጠየቅ «ደህና ነን፣ ተመስገን» ትላለች። ሌላ ምን ትበል?

በስድስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወንድሜ የያዘው የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ወደቀ። ሊናገር ሲል አፉ ተንሸዋረረ፤ ቃሉ ተኮላተፈ። ባለቤቱ ጎረቤት ጠርታ በላዳ ሆስፒታል አደረሰችው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ንግግሩ ተመለሰ። ዕድለኛ ነበር። ትንሽ የደም መርጋት ወደ ጭንቅላቱ ሄዶ ነበር፤ ምክንያቱም ደም የሚያቀጥነው መድኃኒት መጠኑ ወርዶ ነበር። መጠኑ የወረደው ደግሞ ሁለት የደም ምርመራ ቀጠሮ ስላለፈው ነው። ቀጠሮዎቹ ያለፉት ለምን መሰላችሁ? የሚወስደው ሰው አልነበረም። እሷ ከቢሮ መውጣት አልተፈቀደላትም፤ እሱ መንዳት አይችልም። እኛን ለመጠየቅ ደግሞ አፍራለች። «ሁላችሁም በመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ደክማችኋል» አለችኝ። ያን ኮሪደር ድካም ብላ ቆጥራልን።

ስለዚህ መድኃኒት ትንሽ ልዘርዝር፤ የማታውቁት ካላችሁ ሊጠቅማችሁ ይችላል። የወንድሜ አዲሱ ቫልቭ ከብረት መሰል ነገር የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ቫልቭ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ነገር ግን ደም እንዳይረጋበት ዋርፋሪን የሚባል ክኒን ዕድሜ ልክ ይዋጣል። መጠኑ የሚለካው አይ.ኤን.አር. በሚባል የደም ምርመራ ነው። የሚፈለገውን ቁጥር ሐኪሙ እንደ ቫልቩ ዓይነትና ቦታ ይወስናል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወይም ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ከዚያ ሲወርድ ደም ይረጋል፤ ሲወጣ ደም ይፈሳል። መጀመሪያ ላይ ምርመራው በየሳምንቱ ወይም ከዚያ ቶሎ ቶሎ ነው፤ ሲረጋጋ ወደ ወር ገደማ ይራዘማል። ጎመን ቁጥሩን ያወርዳል፤ «ጎመን ክልክል ነው» ማለት ግን አይደለም። አንድ ሳምንት ጎመን በጎመን ሆኖ በሚቀጥለው ሳምንት ጭራሽ መተው ነው ችግሩ። ጾም ሲገባ ገበታው በአንድ ቀን እንደሚለወጥ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ከጾም በፊት ሐኪሙን ማነጋገር ይገባል። የወንድሜ የንስሐ አባት ራሳቸው ናቸው «ልጄ፣ በሽተኛ አይጾምም» ያሉት። ጠበል መጠመቁንም «ቁስሉ ይዳን፣ ክኒንህንም እንዳታቋርጥ» ብለው አዘገዩት። ለራስ ምታት ብሎ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሱቅ ገዝቶ መዋጥ፣ የባህል መድኃኒት መጨመር ደም ሊያፈስ ይችላል። ጥርስ ከማስነቀል በፊትም ለጥርስ ሐኪሙ ስለ ቫልቩና ስለ ክኒኑ መንገር ግዴታ ነው። ይህ ቫልቭ ያላት ወጣት ሴት ከሆነች ደግሞ ዋርፋሪን ፅንስ ስለሚጎዳ ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር መምከር አለባት።

ያ ብርጭቆ በወደቀ እሑድ እኔ ቤት ተሰበሰብን። 23ታችንም አይደለንም፤ 8 ነበርን። ቡና ተፈላ። ማንም «ምን ላድርግላችሁ?» እንዳይል ተከለከለ፤ ምክንያቱም ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «ምንም» ነው። በምትኩ እያንዳንዱ «እኔ ይህን እወስዳለሁ» ብሎ ተናገረ።

ጡረታ የወጡት አጎታችን አሮጌ ቶዮታቸውን ይዘው የአይ.ኤን.አር. ቀጠሮውን ወሰዱ፤ ውጤቱንም በደብተር መጻፍ። ይህን ሥራ እንዴት እንደወደዱት ብትመለከቱ! ሁለት ጊዜ ቁጥሩን ለሐኪሙ ከነርሷ ቀድመው ነግረዋል። የአክስቴ ልጅ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማምጣትና የቤት ሥራ ማሠራት ወሰደ፤ ማክሰኞና ሐሙስ። ያቺ ኮሪደር ላይ ያለቀሰችው አክስቴ ምግቡን ወሰደች፤ ጨው የቀነሰ ወጥ በየሣህኑ እየከፈለች፣ የቀኑን ስም እየጻፈች ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጣለች። ሌላዋ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈተችና በየምሽቱ «ዛሬ እንዲህ ዋለ» ብላ ትጽፋለች፤ ያኔ ነው የባለቤቱ ስልክ ያረፈው። እድሩ ለሞት እንጂ ለሕመም አይከፍልም ነበር፤ ዳኛው ተነጋግረው ለምርመራና ለመድኃኒት የሚሆን ብድር አስፈቀዱ። የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ደግሞ ደም ባንክ ሄደው ደም ሰጡ። ለእሱ የሚሆነው ጊዜ አልፎ ነበር፤ ግን ለእሱ የተሰጠው የሌላ ሰው ደም አልነበረም? አንድ ጤነኛ አዋቂ በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል።

ከሁሉ የገረመኝ ዋሽንግተን ያለችው ታናሽ እህታችን ናት። ዶላር ልካለች፣ ያንን አልክድም። ነገር ግን የወሰደችው ሥራ ሌሊቱን ነው። እዚህ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ እዚያ ገና ቀን ነውና፣ ወንድሜ እንቅልፍ ሲያጣ ለእሷ ይደውላል። ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስለ ደሴ ልጅነታቸው እያወሩ ያነጋሉ። ባለቤቱ በሌላ ክፍል በሯን ዘግታ ትተኛለች። ባሕር ማዶ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ «ከሩቅ ምን እረዳለሁ» አትበሉ።

የእኔ ድርሻ ቅዳሜ ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት እሷ ወደ እኔ ቤት ትመጣለች፤ እኔ ወደ እነሱ ቤት እሄዳለሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ምሳ አዘጋጅቼላት ነበር፤ አልነካችውም። ሶፋዬ ላይ ከነጫማዋ ተኝታ 11 ሰዓት ሙሉ ተኛች። ባለቤቴ ብርድ ልብስ ሲያለብሳት እንኳ አልነቃችም።

ለባልና ሚስት አንድ ቃል ልጨምር፤ ሐኪም ፊት ሁለቱም ያፍሩበታልና። ወደ መኝታ ቤት ሕይወት መመለስ ይቻላል። ብዙ ሐኪሞች የሚጠቅሱት መለኪያ ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳይታፈኑና ደረት ሳያማቸው መውጣት መቻል ነው፤ አጥንቱ እስኪጠነክር ደረት ላይ ክብደት አለማሳረፍ። ጠይቁ። እነሱ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምተውታል።

ምን ሲሆን ነው ወደ ሆስፒታል የሚሮጠው ላላችሁ ደግሞ፣ እኛ ፍሪጅ ላይ የለጠፍነው ወረቀት ይህን ይላል፦ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፤ ቁስሉ ሲቀላ ወይም ሲያዥ፤ ደረቱ ሲንቋቋ፤ ጋደም ሲል ትንፋሽ ሲያጥረው፤ በአንድ ቀን ከ1 ኪሎ በላይ ወይም በሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ክብደት ሲጨምር፤ የማይቆም ነስር ወይም ጥቁር ዓይነ ምድር ሲታይ፤ ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ። ለዚህ የመጨረሻው ደቂቃ አይጠበቅም።

ወንድሜ ዛሬ ሥራ ገብቷል። ልጁንም ያቅፋል። ቫልቩ ድምፅ አለው፤ ቤቱ ጸጥ ሲል እንደ እጅ ሰዓት ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ባለቤቱ መጀመሪያ ላይ ይህ ድምፅ እንቅልፍ ይነሳት ነበር። አሁን ሌሊት ስትነቃ ትንሽ ታዳምጥና መልሳ ትተኛለች። ምርመራው በወር አንድ ጊዜ ሆኗል። አጎታችን ለሱባዔ ስለሄዱ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ደብተሩንም ትናንት ማታ አስረክበውኛል፣ ከብዙ ማስጠንቀቂያ ጋር።